የአያ ፈንታ እጅ

አያ ፈንታ ማረፉን የነገረኝ የአምባ ጊዮርጊስ አውቶብስ ሹፌር ነው። ከሥራ ወጥቼ በመናኸሪያው በኩል ሳልፍ አየኝና አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «አንተ ሐኪም፣ ያ ገራዥ ወዳጅህ ትናንት ተቀበረ» አለኝ። እንደ ዋዛ ነው የነገረኝ፤ ማኪናው ሞልቶለት ቸኩሏል። እኔ እዚያው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ወዲያው አላለቀስሁም። ዝም ብዬ የግራ እጄን አውራ ጣት ሳሽ ራሴን አገኘሁት። ምነው ጣትህን ብትሉኝ፣ ታሪኩ ሲያልቅ ይገባችኋል።

በመጀመሪያ ግን ሐኪም አለመሆኔን ልናገር። በጃንሆይ ጊዜ ጎንደር ላይ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ደምና ሰገራ የምመረምር የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርሁ። ወገራ ውስጥ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሁሉ ሐኪም ነው። እኔም መጀመሪያ መጀመሪያ አስተባብል ነበር፤ በኋላ ስሙ ጣመኝና ተውሁት።

አያ ፈንታ የወገራ ገራዥ ነበር። በዚያ አገር ወንድ ልጅ ሲወለድ በስምንተኛው ቀኑ እሱ ይጠራል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሮው ሰፋፊ ሰው ነው። ጣቶቹ ግን ለስላሳ ነበሩ፤ ጠዋት ጠዋት ቅቤ ይቀባቸዋል። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ስለሚቀመጥ ሚስቱ ትበሽቅበታለች። እሱ፣ «እርፍ የጨበጠ እጅ አራስ ልጅ አይነካም» ይላታል፣ በቃ። በሚገርዝበት ዋዜማ ጠላ አይቀምስም። ቢለምኑትም፣ «ነገ እንግዳ አለብኝ» ብሎ ያልፋል። እንግዳ የሚለው ሕፃኑን ነው።

እኔ ዘንድ የመጣው ግን ለግርዛት አይደለም። አንድ ሰኞ ሰልፉን ጠብቆ ገባና ከበሩ ቆሞ፣ «ደም የምታየው አንተ ነህ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ አባቴ። ምንዎን ነው ያመመዎት?»

«አንቱ አትበለኝ፤ አያ በለኝ» አለና ሁለት እጁን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ። «እጄን መርምርልኝ።»

አገላብጬ አየሁት። ቁስል የለው፣ እብጠት የለው። «ምን ሆነ?» አልሁት።

«ከፍቷል ይሉኛል።»

ሳቅሁ። ወጣት ነበርሁ፤ የካፖርቱ ኩራት ገና አልለቀቀኝም፤ ብቻ ሳቅሁ። እስከ ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይግላል። እሱ አልተቆጣም። ሳቄን እስክጨርስ ጠበቀኝና ነገሩን አጫወተኝ። በመንደሩ እቴነሽ የምትባል ሴት አለች። የመጀመሪያ ልጇን እሱ ገረዘው፤ ደሙ አልቆም ብሎ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሁለተኛውንም እሱ ገረዘው፤ እንደዚያው ሆነ። ከዚያ በኋላ አገሩ «የፈንታ እጅ ከፍቷል» ብሎ ልጅ መስጠት አቆመ። እሱም ምላጩን ጠቅልሎ ከሰቀለ ዓመት አልፎታል።

«ሰው ቢለኝ ግድ የለኝም» አለኝ። «እኔው ማወቅ እፈልጋለሁ። ሁለት ልጅ ገድዬ እንደሆነ ንስሐዬን ልግባ። በዚህ መነጽራችሁ ሁሉ ነገር ይታያል ብለውኝ ነው የመጣሁ።»

ከሳቄ በኋላ እምቢ የምልበት ፊት አልነበረኝም። እጁን አስታጥቤ፣ ከእጣቢው አንድ ጠብታ ማይክሮስኮፑ ላይ አድርጌ አሳየሁት። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ አየ።

«ይሄ ሁሉ ፍጥረት እጄ ላይ ነው?»

«በእኔም እጅ ላይ አለ፣ አያ ፈንታ። በሁሉም ሰው እጅ አለ።»

«ታዲያ የአንተ እጅ ምነው አልገደለ?»

ይህን ሲለኝ ነው ነገሩን ከልቤ ማሰብ የጀመርሁት። መምህራችን አንድ ቀን የነገረን ነገር ነበር፦ በአንዳንድ ቤተሰብ ደሙ የማይረጋ ወንድ ልጅ ይወለዳል፤ ጥፋቱ ከቆራጩ ሳይሆን ከደሙ ነው። ለአያ ፈንታ ልንገረው ብዬ ብጀምር አፌ ተያዘብኝ። በቃል ከምታገል ላሳየው ብዬ የራሴን ጣት ወጋሁ። ደሙን በቀጭን የብርጭቆ ቀሰም ሳብሁ። ይህ የእኛ የላቦራቶሪ ሰዎች ዘዴ ነው፦ ትንሽ ትንሽ ቆይተህ የቀሰሙን ጫፍ ሰበር ታደርጋለህ፤ ደሙ መርጋት ሲጀምር በስብራቱ መካከል ቀጭን ቀይ ክር ይሳባል። እኔ ሰዓቴን ስመለከት አያ ፈንታ ደግሞ በራሱ መንገድ ይቆጥር ጀመር። አቡነ ዘበሰማያት እየደገመ፣ አንድ በጨረሰ ቁጥር አንድ ጣት ያጥፋል።

በስምንተኛው አቡነ ዘበሰማያት ላይ ክሩ መጣ።

«ይሄ ክር ነው ቁስል የሚሰፋው» አልሁት። «በደም ውስጥ ብዙ ነገሮች እየተቀባበሉ ነው የሚሠሩት። አንዱ ከጎደለ ክሩ አይመጣም።»

«እንደ ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ በለኛ» አለ። «ከወንዝ እስከ ግንቡ ተሰልፈን ስንቀባበል መሐል ላይ አንድ ሰው ከጎደለ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል።» ቀጥሎም፣ «ለመሆኑ ጉድለቱ ከማን ነው የሚመጣ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ከእናት።»

እጁን ከጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ አነሣ። «እኔ እኮ በኖርሁበት ዘመን ሁሉ የአባቱን ነው የምጠይቅ» አለኝ። ልማዱ እንዲያ ነው፤ ምላጩን ከማንሣቱ በፊት የልጁን ዘር በአባት በኩል እስከ ሰባት ቤት ያስቆጥራል። መሬቱም ስሙም የሚቆጠረው በአባት ነዋ። የእናቱን እናት ማንም ጠይቋት አያውቅም።

ከዚያ ጠፋ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ትንሽ የቆዳ ከረጢት ይዞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው። ባቄላና አተር ነው። አተሩ ግማሹ ጥሬ፣ ግማሹ ጠቁሮ የተቆላ። መጻፍ አይችልም፤ ግን በእነዚያ ለስላሳ ጣቶቹ አንድ በአንድ ደረደረው። ባቄላው ሴት ነው፤ አተሩ ወንድ ነው፤ የተቆላው አተር፣ እሱ «ቁሊ» የሚለው፣ ደሙ ፈስሶ የሞተ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ከመንደር መንደር እየዞረ፣ ከእቴነሽ እናት ጀምሮ ወደ ላይ የሴት አያቶቿን ቤት ሁሉ አሮጊቶች ሲጠይቅ ከርሞ ነው።

«እየው» አለኝ። «ቁሊው ሁሉ ከባቄላ ሥር ነው። ከአተር ሥር የወረደ አንድም ቁሊ የለም።»

እኔ ከመጽሐፍ የሸመደድሁትን እሱ በእግሩ ሄዶ አገኘው። ዛሬ ነገሩ ሁሉ ታውቋል። ደም ሲረጋ የሚቀባበሉት ፕሮቲኖች ቁጥር ወጥቶላቸዋል። በእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ስምንተኛው ነው፤ እሱ ራሱ ክሩን አይፈትልም፤ ዘጠነኛው አሥረኛውን እንዲቀሰቅስ ማገዝ ነው ሥራው፤ እሱ ከጠፋ ግን ከእሱ ወዲያ ያሉት እጃቸውን አጣጥፈው ይቀራሉ። ይህን ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ ለገላችን የሚነግር ዘረመል አለ። ሴት ሁለት አላት፤ አንዱ ቢበላሽ በሌላው ትኖራለች፣ ብዙ ጊዜም አታውቀውም። ወንድ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚያገኘው ከእናቱ ነው። ያኔ ዘረመሉን ለይቶ ያየው ሰው አልነበረም። አያ ፈንታ ግን በባቄላ አየው።

ደስ ብሎኝ፣ «እንግዲህ ስምህን አጥራ፤ ለአገሩ ሁሉ ተናገር» አልሁት።

ባቄላውን እየለቀመ ወደ ከረጢቱ መለሰ። «እቴነሽ አርግዛለች» አለኝ።

«ታዲያስ?»

«ታዲያ ምን ብዬ ልናገር? ልጆቹን የገደለው የእሷ ደም ነው ልበል? አማቷን እመት ብርቄን አታውቃቸውም። ይህን የሰሙ ዕለት እቴነሽ ከደጅ ናት። እኔ ስሜን ባጣ ምላጭ ነው የሰቀልሁ፤ እሷ ምን ትሰቅላለች?»

የከረጢቱን አፍ አሥሬ ሰጠሁት።

ክረምቱ እንደወጣ የአምባ ጊዮርጊሱ ሹፌር ከአያ ፈንታ መልእክት አመጣልኝ፦ «ወንድ ነው፤ ያን ቀሰምህን ይዘህ ና ብሎሃል።» እሑድ ጠዋት ሄድሁ። ሕፃኑ አራተኛ ቀኑ ነበር። እቴነሽ አራስ ቤት ተኝታ ልጁን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛዋለች። ሃያ ዓመት ገና ያልሞላት የምትመስል፣ ዓይኗ ብቻ ያረጀ ልጅ ናት። አያ ፈንታ ሁሉንም ነገር ነግሯት ኖሮ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ተረከዙን አወጣችልኝ።

በመርፌ ጫፍ ነካ አድርጌ ደሙን ሳብሁ። አያ ፈንታ ተረከዙን በጨርቅ ተጭኖ ያዘና አቡነ ዘበሰማያቱን ጀመረ። በስምንተኛው ቀሰሙን ሰበርሁ፤ ክር የለም። በአሥራ አምስተኛውም የለም። በሠላሳኛው ላይ እሱ ድምፁ ዝግ አለ እንጂ አላቆመም። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ መስበሩን ተውሁት። እቴነሽ ፊቴን አይታ ወደ ግድግዳው ዞረች።

አያ ፈንታ ያንን ተረከዝ አልለቀቀም። ጠዋት የያዘውን እስከ ቀትር ድረስ ይዞ ተቀመጠ። ምግብ ቀረበለት፤ በአንድ እጁ በላ። ደሙ መቆሙን ሦስት ጊዜ ካየ በኋላ ነው እግሩን ሸፍኖ ለእናቱ የመለሰው።

ከውጭ ደግሞ እመት ብርቄ ሽማግሌ ሰብስበው ይጠብቁናል። ሌላ ገራዥ ከዳባት ሊያስመጡ ነው። እኔ ቢያንስ ልሞክር ብዬ፣ «እመት፣ ልጁ ደካማ ነው፤ ግርዛቱ ይቆየው» አልኋቸው።

«ቆላፍ ልጅ በቤቴ አያድግም» አሉኝ። «እኩያው ሲስቅበት ልይ? ማን ልጁን ይድርለታል? ደግሞስ ስምንተኛው ቀን የእኔ ሕግ ነው?» ክፉ ሴት አልነበሩም። የልጅ ልጃቸው በሰው ፊት ቀና ብሎ እንዲሄድ ነው የፈለጉት። የእቴነሽ ባል እናቱ ያሉትን የሚሰማ ጭምት ሰው ነው፤ መሬት መሬቱን ያያል።

አያ ፈንታ ተነሣ። «እኔ እገርዘዋለሁ» አለ።

ሽማግሌዎቹ ዞር ብለው አዩት። እኔም ደንግጬ አየሁት።

«እጅህ ከፍቷል እኮ» አሉት እመት ብርቄ።

«ከፍቶ ነበር» አለ አያ ፈንታ። «ሁለቱን የገደለ የእኔ እጅ ነው። ዓመት ሙሉ ጸበል ገብቼ አሁን ተመልሶልኛል። ይሄ ልጅ በግርዛቱ ቢሞት እጄን ቁረጡት፤ ዋስም እጠራለሁ።» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «ሐኪሙ ዋሴ ነው።»

በሽማግሌ ፊት ዋስ ተብሎ የተጠራ ሰው እንዴት እምቢ ይላል? አዎ አልሁ። እቴነሽም ከውስጥ፣ «ከአያ ፈንታ በቀር ማንም አይነካብኝም» ስትል ተሰማች። አለቀ፣ ተስማሙ። ሽማግሌዎቹ ሲበተኑ ግን እጁን ይዤ ወደ አጥሩ ወሰድሁት።

«አብደሃል? ክሩ እንደማይመጣ በዓይንህ አይተሃል።»

«ሐሙስ ና» አለኝ። «ዋስ አይደለህ?» ብሎኝ ሄደ።

እስከ ሐሙስ እንዴት እንደከረምሁ አልናገርም። ፈቃድ ለምኜ ሄድሁ። ሰዉ ግቢው ውስጥ ተሰብስቧል፤ አያ ፈንታ ምላጩን በቀበቶው ላይ ይስላል። ከዚያ እሱ፣ እኔና እቴነሽ ብቻ ገባን፤ በሩ ተዘጋ። «እግሩን ያዝልኝ» አለኝ። ሕፃኑ ጡት ይዞ እንቅልፍ እየወሰደው ነበር። እንዴት ያሉ እግሮች ነበሩ! እስከ ዛሬ እጄ ላይ አሉ። በስመ አብ ብሎ ምላጩን ሲያነሣ ዓይኔን ጨፈንሁ።

ምንም አልሰማሁም። ዓይኔን ስገልጥ የአያ ፈንታ የግራ እጁ አውራ ጣት ሥሩ ላይ ተሰንጥቆ ደሙ ነጩ ጨርቅ ላይ ይወርዳል። በደንብ ነው የሰነጠቀው፤ በሥራው ቀልድ አያውቅም። ጨርቁ እስኪርስ ጠበቀና እቴነሽን፣ «በይ አሁን ጡትሽን ንሺው» አላት። ጡቱን ብትነጥቀው ልጁ ቤቱን በጩኸት ሞላው። በውጭ እልልታው ቀለጠ።

አያ ፈንታ ጣቱን በሌላ ጨርቅ ጠምጥሞ በነጠላው ሸሸገና እኛን ተራ በተራ አየን። «ሦስት ነን» አለ። «አራተኛው ሲያድግ ይነገረዋል።» ከዚያ ደም የነካውን ጨርቅ ይዞ ወደ ሰዉ ወጣ።

የልጁን ስም ቆየ አሉት። ወገራም «የፈንታ እጅ ተመለሰ» ብሎ እንደገና ልጁን ይሰጠው ጀመር። አስቡት፤ ስሙ የተመለሰለት ባልገረዘው ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንንም ከመግረዙ በፊት የሕፃኑን እናት፣ እናቷን፣ የእናቷን እናት፣ የሞቱ ወንድሞቻቸውንም ይጠይቃል። ሰዉ ይህን ከጸበል ያመጣው ጸሎት ይመስለዋል። እሱ አያስተባብልም።

ውሸቱ አልከበደህም ወይ ብዬ አንድ ጊዜ ጠይቄው ነበር። ለነፍስ አባቱ መናዘዙን፣ እሳቸውም ዕድሜ ልኩን ዓርብ ዓርብ አርባ ስግደት እንዲጨምር እንዳዘዙት ነገረኝ። «አርባ ስግደት ለአንድ ልጅ» አለ፣ «ሸጋ ነው።»

ቆየ ዳዴ ሲል ጉልበቱ ደም እየቋጠረና እያበጠ ያስቸግር ነበር። አያ ፈንታ ጥጥ የተሞላ ጨርቅ ለሁለቱም ጉልበቱ ሰፋለት። ከልጆች ጋር ወንዝ ስለማይወርድ፣ ገላውንም እናቱ ብቻ ስለምታጥበው ምስጢሩም በዚያው ተጠበቀ። ሁለት ጊዜ ክፉኛ ደምቶ ሆስፒታል አመጡት፤ የሰው ደም ተሰጥቶት ተረፈ። ሁለቱንም ጊዜ አያ ፈንታ አልጋው ግርጌ ተቀምጦ የልጁን ተረከዝ ይዞ ነው የሚያድር። እኔ ሳልፍ ያንን ጣቱን አየዋለሁ፤ ጠባሳው ነጭ ሆኖ ቀርቷል።

እንግዲህ ያ ሰው ነው የተቀበረው። በማግስቱ ለልቅሶ ሄድሁ። ድንኳኑ ውስጥ ሰዉ ሁሉ የሚያወራው ስለ እጁ ነው። አንዷ፣ «ሦስቱንም ወንዶቼን እሱ ነው የገረዘልኝ» ትላለች። ሌላዋ፣ «ያን ጊዜ ለአንድ ሁለት ዓመት ከፋበት እንጂ ሸጋ እጅ ነበር» ትላለች። እመት ብርቄ አርጅተው፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ «የእኔን ቆየ ያተረፈልኝ እሱ ነው» ብለው ያለቅሳሉ። ተነሥቼ እውነቱን ልናገር ምንም አልቀረኝም። ከፊት ለፊቴ እቴነሽ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከጎኗ ትንሽ ልጇ፣ የቆየ ታናሽ እህት፣ ተኝታለች። ነጠላዬን ሰብሰብ አድርጌ ተነሣሁ።

ከድንኳኑ ስወጣ ቆየ አጥሩ ሥር ብቻውን ተቀምጧል። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አንድ እግሩ አልታጠፍ ብሎት ዘርግቶታል። ከፊቱ ያ የቆዳ ከረጢት አለ።

«ሳይሞት ሁሉንም ነግሮኛል» አለኝ። «የእኔንም፣ የጣቱንም። እህቴ ስትዳር፣ ወንድ ልጅ ስትወልድ፣ ለሐኪሙ የመንገር ኃላፊው እኔ እንደሆንሁ ነግሮኛል። ከረጢቱንም የሰጠኝ ለዚያ ነው።»

«አስተማረህ አደራደሩን?»

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀና ከረጢቱን ዘርግፎ መደርደር ጀመረ። ከላይ አሮጊቶቹ፣ ከእነሱ ሥር ሴት ልጆቻቸው፤ በየባቄላው ሥር የተቆላው አተር ይወርዳል። አንድ አልተሳሳተም። በመጨረሻ የእናቱን ባቄላ አስቀመጠ። ከሥሯ ሁለት ቁሊ አተር አደረገ። ከእነሱ ጎን አንዲት ትንሽ ባቄላ፣ እህቱን።

አንድ አተር በመዳፉ ቀረ። የተቆላ አይደለም። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ከዘመን ብዛት ሲያረጅ ይህ ግን አዲስ ነው፤ የዘንድሮ አዝመራ።

«ይሄን አያ ፈንታ በየዓመቱ ይቀይረው ነበር» አለኝ ቆየ። «ነቀዝ እንዳያገኘው ብሎ።»

ከሁለቱ ቁሊዎችና ከእህቱ ባቄላ መካከል ቀስ ብሎ አስቀመጠውና በጣቱ ጫን አደረገው።

«ይሄ እኔ ነኝ።»